እቴጌ መነን አስፋውና የነቀምቴው ኀዘን



በዚህ እትማችን ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሴት በዘመናቸው በአገራችን ከነበሩት ሴቶች ሁሉ በማዕረግ ከፍ ያሉ ነበሩ። ዘውድ ጭነዋል፤ በስማቸው ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትንና ገዳማትን ረድተዋል። እኛ ግን ዛሬ በተለይ ስለ እናትነታቸው ልንጽፍ ወደናል። እቴጌ መነን አስፋው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወለዷቸው ስድስት ልጆች መካከል ሦስቱን በሕይወት ሳሉ በሞት ተነጥቀዋል። ከሦስቱም አንዷ ልዕልት ፀሐይ ያረፉት በዚህችው በነቀምቴ ነው።

ይህን ታሪክ ለማንሣት ያነሣሣን ምክንያት አለ። በየቁምስናችን፣ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ነጆና መንዲ፣ ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች አሉ። አንዳንዶቹ ልጃቸው በሕመም የሞተባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአደጋ። ልጃቸው በገዛ እጁ ከዚህ ዓለም የተለየባቸው፣ ስለዚህም የሞቱን ምክንያት ለጎረቤት መናገር የሚከብዳቸውና በጓዳ የሚያለቅሱም አሉ። አንባብያን የእቴጌይቱን ሕይወት ሲያነቡ እነዚህን ወላጆች በልባቸው እንዲያስቡልን ከወዲሁ እንለምናለን።

ትውልድና ጋብቻ

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ በአምባሰል ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። እንደ ዘመኑ የመሳፍንት ልማድ ገና በልጅነታቸው በቤተሰብ ፈቃድ ተድረዋል፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከመጋባታቸውም በፊት ልጆች ወልደው ነበር። በ1903 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩትን ተፈሪ መኰንንን አገቡ።

ይህ ጋብቻ ሃምሳ ዓመት የዘለቀ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ ከባድ ፈተና ገጠመው። በ1909 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ደጃዝማች ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ ደግሞ የወይዘሮ መነን የእናታቸው ወንድም ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሰገሌ ጦርነት የተሸነፉትና የተማረኩት ንጉሥ ሚካኤል የእናታቸው አባት ናቸው። እንግዲህ ባላቸው ከፍ ያሉበት ቀን የእናታቸው ወገን የወደቀበት ቀን ነበረ። በአንድ ቤት ውስጥ ደስታና ኀዘን ባንድነት ሲገቡ እቴጌ መነን ሁለቱንም በዝምታ ተቀብለው ኖረዋል። በኋላ ዘመናቸው ለደረሰባቸው ነገር ይህ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኗቸው ይሆናል ብለን እናስባለን።

ከራስ ተፈሪ የወለዷቸው ልጆች ልዕልት ተናኘ ወርቅ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ ልዑል መኰንንና ልዑል ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ። ብዙ ሳይቆይ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሴት ልጅን ወደ ትምህርት መላክ እንግዳ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ሥራ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሐዘን

ልዕልት ዘነበ ወርቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለትግራዩ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ጋብቻው የሸዋንና የትግራይን ቤተ መንግሥት ለማስታረቅና ለማቀራረብ ታስቦ የተደረገ ነበር። ልዕልቲቱ ግን በመቀሌ ብዙ ሳይኖሩ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት፣ በለጋነታቸው አረፉ። ባለቤታቸው በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ወደ ጣልያን ወገን ገባ። ስለዚህ ሴት ልጅ የተሰጠችለት እርቅም ሳይሰምር ቀረ።

ልጁን በሩቅ አገር የዳረና በሩቅ አገር ያጣ ወላጅ ሁልጊዜ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ባልሰድዳት ኖሮ ትተርፍ ነበርን የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሆኖም ወላጅን ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅስ ጥያቄ ነው። የልዕልቲቱ ስም በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለሚታከሙበት ሆስፒታል ተሰጠ። ዛሬ አለርት ተብሎ የሚታወቀው የሕክምና ተቋም የቆመው በዚያው ሥፍራ ሲሆን፣ አካባቢውንም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ዘነበ ወርቅ እያለ ይጠራዋል። ሰዎች ሊነኳቸው የፈሩአቸው ድሆች ሕሙማን በአንዲት በለጋነቷ በሞተች ልጅ ስም መጠለላቸው የሚያስገርም ነው።

ስደትና የቤተልሔም ስእለት

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጡ። የእንግሊዝ ብርድ ለእቴጌይቱ ጤና የሚስማማ አልነበረምና ከስደቱ ዘመን የተወሰነውን ጊዜ በኢየሩሳሌም አሳልፈዋል።

በእነዚህ አምስት ዓመታት ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ሁሉ መርዶ ነበር። የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ልጅ የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ሰሞን ተገደሉ። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ራሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተወስደው ነበርና በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶሪኖ ከተማ በምርኮ ሳሉ አረፉ። እቴጌ መነን አልወለዷቸውም፤ ነገር ግን የቤታቸው ልጅ ነበሩ።

በኢየሩሳሌም ሳሉ እቴጌይቱ ቅዱሳት መካናትን እየዞሩ ይሳለሙ ነበር። በቤተልሔም በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች የራሳቸውን ዘውድ ሊሰጡ ቃል ገቡ። በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብም በቅድስት ሥላሴ ስም ገዳም አሠርተዋል።

መምህራን እንደምታውቁት በቤተልሔም መንገድ ላይ ራሔል ተቀብራለች። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን ራሔል የሞተችው በምጥ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ ስለ ልጆቿ የምታለቅስና መጽናናትን እንቢ ያለች እናት አድርጎ ያነሣታል፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም የቤተልሔም ሕፃናት በተገደሉ ጊዜ ይህንኑ ያስታውሳል። በአንድ ስም ውስጥ በወሊድ የሞተች ሴትና ልጆቿን ያጣች እናት ተገናኝተዋል። እቴጌ መነን በዚያ መንገድ ሲመላለሱ፣ ራሔል ከሁለት ወገን የእርሳቸው ልትሆን ጥቂት ዓመታት ብቻ እንደ ቀሯት አላወቁም።

ነርሷ ልዕልት

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከእናታቸው ጋር በሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ለወታደሮች የሚሆን ፋሻና ልብስ በማዘጋጀት ያገለግሉ ነበር። በስደት ሳሉ አብዛኞቹ የነገሥታት ልጆች የማይመርጡትን ሥራ መረጡ፤ የነርስነትን ሙያ ሊማሩ ወሰኑ።

በለንደን በታወቀው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛይቱም ተማሪ ነርስ ሠለጠኑ። ተማሪ ነርስ ማለት በዚያን ጊዜ የሕፃናትን አልጋ የምታነጥፍ፣ ሳህን የምታጥብ፣ ሌሊት ተረኛ ሆና የምታድር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 ትምህርታቸውን ፈጽመው በእንግሊዝ መንግሥት የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። ከዚያም በጋይ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ሳለ ጦርነቱ አቋረጣቸው።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አብይ አበበን አገቡ። ኮሎኔል አብይ የወለጋ ገዢ ሆነው ተሹመው ነበርና ሙሽሮቹ ወደ ነቀምቴ መጡ።

ነቀምቴ በዚያን ጊዜ የለቃ ገዢዎች፣ የሞረዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሣ ሞረዳ፣ ማለትም የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ ነበረች። ዛሬም ጎብኚ የሚሄድበት የኩምሣ ሞረዳ ግቢ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከጦርነቱ በፊት የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን በከተማይቱ የሕክምና ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በወረራው ዘመን ግን ጣልያኖች የስዊድን ሚስዮናውያንን ከአገር አስወጡ። ልዕልቲቱ በደረሱበት ጊዜ አገሪቱ ከጦርነት ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ሐኪምና መድኃኒት በመላ አገሪቱ እጅግ ጥቂት ነበሩ።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.

ከሠርጉ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝናቸው ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ አረፉ። የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ጽንሱም አልተረፈም። ወቅቱ ክረምት፣ ቀኑም ምእመናን እመቤታችንን በሱባኤ የሚማጸኑበት የፍልሰታ ጾም አሥራ አንደኛ ቀን ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ነገር ጥቂት ቆም ብለን እንመልከተው። በለንደን የሌላ እናት ልጆችን ሲያስታምሙ የነበሩት ነርስ የራሳቸውን ልጅ ሳይታቀፉ ሞቱ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በክረምት ጭቃና በሞሉ ወንዞች መካከል ይህ መንገድ በዚያ ዘመን የብዙ ቀን መንገድ ያህል ይርቅ ነበር። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን ከዚህ ርቀት አላዳነም። በዚያው ክረምት በወለጋ ገጠር በየጎጆው በምጥ የሞቱ እናቶች ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ የልዕልቲቱ ሞት ግን የእነርሱን ሞት ጭምር ለአገር ያሰማ ሞት ሆነ። በዘመናት ሁሉ የወለጋ እናቶች ያለቀሱትን ለቅሶ እቴጌ መነን በዚያ ነሐሴ አብረው አለቀሱ።

የልዕልቲቱ አስከሬን በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ባለቤታቸው አብይ አበበ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ደርሰው በታላላቅ ሥልጣኖች አገልግለዋል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

እቴጌ መነን የተሳሉትን ስእለት አልረሱም። አገራቸው ነጻ ወጥታ ስለ ነበር የዘውድ በዓላቸውን ዕለት የጫኑትን ዘውድ ወደ ቤተልሔም ላኩ። በኋላም በዚያው አምሳል ሌላ ዘውድ ቢሠራላቸው በአደባባይ ጭነውት አልታዩም። እዚህ ላይ መምህራን ልብ እንዲሉልን የምንሻው ነገር አለ። እቴጌይቱ አገራቸውን ለምነው አገራቸው ተሰጠቻቸው፤ ነጻ በወጣችው አገር ግን ልጃቸው ሞተችባቸው። ጸሎት የተሰማለት ሰው ከኀዘን ያመልጣል ብለን ለምእመናን አናስተምር፤ የእቴጌይቱ ሕይወት እንዲህ አይልምና። ልጅ የሞተበት ወላጅም ስላልጸለየ ወይም ስለ በደለ ነው ብለን አንፍረድ።

በልዕልቲቱ ስም የቆመው ቤት

ልዕልት ፀሐይን በስደት ዘመን የሚያውቋቸውና የኢትዮጵያ ታላቅ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ብለው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ገንዘቡ በትንሽ በትንሹ የተዋጣ፣ ብዙ ዓመትም የፈጀ ነበር። በመጨረሻ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በሽተኞችን ከማከም ጋር ነርሶች የሚሠለጥኑበት ቤት ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል፤ ሕዝቡም አካባቢውን ጦር ኃይሎች እያለ ይጠራዋል።

ሆስፒታል መሠራቱ ሐዘኑን አልሰረዘም። እናት ልጇን በሕንፃ አትለውጥም። ነገር ግን መታሰቢያው ለወላጅ የሚያደርገው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የልጁ ስም በሰዎች አፍ እንዲኖር ያደርጋል። ልጁ የሞተበት ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው ልጁ እንዳልነበረ ሆኖ መረሳቱን ነው። በአዲስ አበባ አንድ በሽተኛ ወደ ፀሐይ ሆስፒታል እሄዳለሁ ባለ ቁጥር፣ አንዲት ተማሪ ነርስ በዚያ ቤት ሠልጥና በወጣች ቁጥር፣ የነቀምቴዋ ሟች ስም ይነሣ ነበር።

መስፍነ ሐረር

እቴጌ መነን ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በበጎ አድራጎትና በጸሎት ኖሩ። ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው መርዶ መጣ። የሐረር መስፍን ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። ዕድሜያቸው 33 ነበር፤ ባለቤታቸውንና አምስት ወንዶች ልጆቻቸውን ትተው ሄዱ። የመጀመሪያዋ ልጅ በሩቅ አገር፣ ሁለተኛዋ ከወሊድ በተያያዘ ሕመም፣ ሦስተኛው በድንገት በመንገድ ላይ ተለዩ። እናት ለእያንዳንዱ ሞት ዐዲስ ኀዘንተኛ ነች፤ ፊት ያዘነች ስለሆነች ኋላ ያለው ሐዘን አይቀልላትም።

እቴጌይቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልኖሩም። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉና በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ በ31 ዓመታቸው አረፉ። ይህን አራተኛውን ኀዘን እናቲቱ በዐይናቸው አላዩም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሚስታቸውን ባጡ በጥቂት ሳምንታት ልጃቸውንም ቀበሩ። በ1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በዚያው ካቴድራል በክብር ባረፈ ጊዜ ባልና ሚስቱ በሞት ከተለያዩ ከ38 ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ሆኑ።

በጓዳ ለሚያለቅሱ ወላጆች

ከዚህ ታሪክ ለቁምስናችን የሚሆነውን ነገር አንሥተን እናብቃ።

የእቴጌ መነን ኀዘን ከባድ ነበር፤ ቢሆንም አደባባይ የወጣ ኀዘን ነበር። አገር አለቀሰላቸው፤ ካህናት ጸሎተ ፍትሐት አደረሱላቸው፤ የልጆቻቸው ስም በሆስፒታል በር ላይ ተጻፈ። እያንዳንዱ ሞት ምክንያቱን ለጠያቂ ለመናገር የማያሳፍር ነበር። ልጁ በራሱ እጅ የሞተበት ወላጅ ግን ይህ ሁሉ ይነፈገዋል። ለቀስተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ከማልቀሱ አስቀድሞ ያንሾካሹካል። አንዳንዱ እናቲቱን ምን አድርገሽው ነው በሚል ዐይን ያያታል። አንዳንዱ ደግሞ የሟቹ ነፍስ ጠፍቷል ብሎ ይፈርዳል። እናቲቱ የልጇን ስም ልትጠራ ብትወድ አብሯት የሚጠራው ታጣለች። በልጇ ሞት ላይ ሌላ ሞት ይጨመርባታል ማለት ነው።

መምህራን በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት በትክክል ሊያውቁ ይገባል። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ራስን ማጥፋት ከባድ ጥፋት ነው፤ ይህ ትምህርት አልተለወጠም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283 እንደሚያስረዳው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ጭንቀትና ብርቱ ፍርሃት የሰውዬውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህም በራሳቸው እጅ ስለ ሞቱ ሰዎች ዘላለማዊ ደኅንነት ተስፋ መቁረጥ አይገባንም፤ እግዚአብሔር እርሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ለንስሐ ዕድል ሊሰጣቸው ይችላልና። ቤተ ክርስቲያንም ትጸልይላቸዋለች። እ.ኤ.አ. የ1917ቱ ሕገ ቀኖና ሆን ብለው ራሳቸውን ላጠፉ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ቀብርን ይከለክል ነበር፤ የ1983ቱ ሕገ ቀኖና ግን ቀብር ከሚከለከሉት መካከል እነርሱን አይጠራም። ይህን ያልሰሙ ብዙ ምእመናን አሉ። በአሮጌው ፍርሃት ልጃቸውን በድብቅ የሚቀብሩ፣ ቅዳሴም ሳያስቀድሱለት የሚቀሩ ወላጆች እንዳይኖሩ ልናስተምር ይገባናል።

የአርስ ቆሞስ ቅዱስ ዮሐንስ ማርያም ቪያኒም እንዲህ ያለ ኀዘን ወደ እርሱ የመጣች አንዲት ባልቴት አጽናንቷል ይባላል። ባሏ ከድልድይ ላይ ራሱን ወርውሮ ነበርና፣ ከድልድዩ እስከ ውኃው ባለው ርቀት ውስጥ ንስሐ ለመግባት ጊዜ እንዳገኘ ነገራት። እኛ ይህን የምናስታውሰው የእያንዳንዱን ሟች የመጨረሻ ደቂቃ ማንም ሰው እንዳላየ፣ እግዚአብሔር ግን እንዳየ ለማሳሰብ ነው።

እንግዲህ በቁምስናችን እንዲህ ያለ ሐዘን በደረሰ ጊዜ የምናደርገው ነገር ቀላል ነው። ፈጥነን እንሂድ፤ ለሌላው ሟች እንደምንቀመጥ ያህል እንቀመጥ። እንዴት ሆነ ብለን አንመርምር፤ ወላጆቹ ራሳቸው ሊነግሩን ከፈለጉ ግን ሳናቋርጥ እንስማ። የሟቹን ስም በፍቅር እንጥራ፤ መልካም ሥራውንና ልጅነቱን እናስታውስ። የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ የወላጅ በደል ነው የሚሉ ቃላት ከአፋችን አይውጡ። ከአርባ ቀን በኋላ ጠያቂ ሲቀንስና ዕድርተኛው ወደ ሥራው ሲመለስ ኀዘኑ ይበረታልና በዚያን ጊዜ ደግመን እንሂድ። የሟቹን ወንድሞችና እኅቶች በተለይ እንጠይቅ። ከእነርሱም ሆነ ከሌላ ሰው መኖር ሰለቸኝ፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ቃል ብንሰማ አንገሥጸው፤ ብቻውንም አንተወው፤ አብረነው ሆነን ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ካህን እናድርሰው።

እቴጌ መነን ዘውዳቸውን የሰጡት ለአንዲት እናት ነው። ያቺ እናት ልጇ በአደባባይ በወንበዴዎች መካከል፣ ብዙዎች የተረገመ ሞት ነው ባሉት ሞት ሲሞት በመስቀሉ ሥር የቆመች ናት። ሰዎች ስለ ልጇ ሞት የተናገሩት ክፉ ቃል ከልጇ አላራቃትም። በወለጋ ከተሞችና ገጠሮች በጓዳ የሚያለቅሱ ወላጆች ወደ እርሷ ሲቀርቡ የልጃቸውን ስም ሳያፍሩ ሊጠሩ ይችላሉ። እኛም በቁምስናችን እንዲሁ ሳያፍሩ የሚጠሩበት ሥፍራ እንሁንላቸው።

እግዚአብሔር በነቀምቴ ያረፉትን የልዕልት ፀሐይን፣ የእናታቸውን የእቴጌ መነንን፣ ስማቸው ያልተጻፈውንም የእናቶችና የልጆች ሁሉ ነፍስ ይማር። ለኀዘንተኞች መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።